በቀኝ ትመጣለች፣ በግራ ትሄዳለች

ጥቅምት 3

ወገቤ ተቆረጠ። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ነው የዋልኩት። ሁለት የፀጉር ቀለም፣ አንድ ቁርጥ፣ ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠው የሰው ስም ሲያነሱና ሲጥሉ የዋሉ ሴቶች... ጆሮዬም ደክሞታል።

ከሰዓት ደንበኛችን ጠበቃዋ የድሮ ፎቶዋን ይዛ መጣች። "ፀጉሬን ልክ እንደዚህ ክፈይልኝ።" እህቴ ሚጣ ፎቶውን መስታወቱ ጥግ ላይ ሰካችው። መስታወት ውስጥ ያለችው ሴትዮ ፎቶው ላይ ካለችው ጋር እስክትመሳሰል አበጠረች፣ ከፈለች፣ ረጨች። አየኋት። ዝም አልኩ። መስታወት ግራና ቀኝን እንደሚገለብጥ ፀጉር ቤት የገባ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይማረዋል። እሷ ግን ስምንት ዓመት ሠርታም... ስትጨርስ ልትኩራራ ብላ ራሷ ጠበቃዋን ፎቶ አነሳቻት። ሴትዮዋ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አይታ "ይኼማ ተገላቢጦሽ ነው!" ብላ ጮኸች። ሚጣ ቲማቲም መሰለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

"አይተሽ ዝም አልሽኝ፣ አይደል እታለም?" አለችኝ ስንዘጋ። መስታወት ውስጥ ነው ያየችኝ። እኛ ፊት ለፊት ተያይተን አናወራም። የፀጉር ሠሪ ዓመል ነው። ደንበኛውን፣ በሩን፣ መንገዱን፣ እርስ በርሳችንንም በመስታወት ነው የምናየው።

"ጀማሪ መሆንሽን ረስቼ ነው" አልኳት።

ማታ እማን አበላኋት። ተራ ገብተናል፤ ጠዋትና ማታ እኔ፣ ቀን ቀን ሚጣ። ያኔ እኔ ፀጉር ሳሎናችን እቆያለሁ። የእማ ክፍል ከግቢው ማዶ ነው። የእጅ ማድረቂያው ፎን እየጮኸ ከዚያ የሚመጣ ድምፅ አይሰማም።

ባለፈው ዓመት ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ከወደቀች ወዲህ ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም። ምላሷም እንደዚያው። ፊቷን ሳጥብ፣ ሾርባ ስሰጣት፣ ከሥሯ ሳነሳ... የማገኘው አንድ ቃል ነው። "ሚጣ።" በሩን እያየች። "ሚጣ... ሚጣ..." የማጥብሽ እኔ፣ የምትጠሪው እሷን! የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኼ ነው። ሁለታችን አብረን ስንገባ ደግሞ ትንፍሽ አትልም። ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ትተኛለች።

እታለም ያለችኝ ሚጣ ናት፣ አፏን ስትፈታ። እማም ተከትላት እታለም አለችኝ፤ በዚያው ቀረ። የምጠራበትን እንኳ ያወጣችልኝ እሷ። ይሁን። ግን አንድ ጊዜ... አንድ ጊዜ "እታለም" ብትለኝ ምን ነበረበት? ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። እውነቴን ነው።

ጥቅምት 6

አበባ ሻጯ ፀጉሯን ልትቀባ መጣች። መንገዱ ጥግ ላይ በባልዲ አበባ የምትሸጠው። ምላሷ ጤፍ ይቆላል። ሰው "ድግምት ትሠራለች" ይላታል፤ እሷም አትክድም። "ጨረቃዬን ይዤ እሠራለሁ፣ ማንን ጎዳሁ?" ትላለች።

"እኔንም ያስተምሩኝ" አልኳት። ለቀልድ ነው የጀመርኩት።

መስታወት ውስጥ አየችኝ። ሳቅ አላልኩም መሰለኝ።

"ጀማሪ ብዙ አይነካካም" አለች። "ሁለት ነገር ያዢ። ስትሞላ የምትፈልጊውን ጥሪ። ስትጎድል የማትፈልጊውን ስደጂ።"

"እየሞላች ይሁን እየጎደለች በምን አውቃለሁ?"

"ግማሽ ስትሆን እያት። ብርሃኗ በቀኝ ከሆነ ትመጣለች። በግራ ከሆነ ትሄዳለች። በቀኝ ትመጣለች፣ በግራ ትሄዳለች። ድገሚው።"

ደገምኩት። ቀለሙ ብሩሹ ላይ እየደረቀ።

"ከሰውየው ገላ የሆነ ነገር ያስፈልጋል። ፀጉር ከተገኘ ከሁሉ ይበልጣል።"

ፀጉር! በየቀኑ በመጥረጊያ የምጠርገው።

"ደግሞ ስሚኝ፣ አንቺ ልጅ። ሠርተሽ ስትጨርሺ መጋረጃሽን ዝጊ። እስከሚቀጥለው ግማሽ ድረስ ቀና ብለሽ አትያት። ካየሻት ሥራውን መልሳ ታሸክምሻለች።" ከዚያ ጎንበስ አለች። "ማንን ልትጠሪ ነው? ወይስ ማንን ልትሰድጂ?"

"ሁለቱንም።"

ሳቀች። "ጀማሪ ሁሌም ሆዳም ነው።"

ላም አለኝ በሰማይ... ወተቷንም አላይ። አውቃለሁ። ግን ሲነጋ ሲመሽ "ሚጣ" እየሰማሁ ከምቃጠል ሰማይ ላይ ያለችውን ላም ልለባት።

ጥቅምት 9

አየኋት!

ልዘጋ ስል ነው። ጀንበር መጥለቋ ነበር። ሚጣ ማዶ ፋርማሲው በር ላይ ቆማ ከፋርማሲስቱ ጋር ትስቃለች። ፀጉር የምንጠቀልልበትን ቢጉዲን ስለቅም ቀና ብል፣ መስታወቱ ውስጥ፣ ከጀርባዬ ካለው መስኮት ገብታ... ግማሽ ጨረቃ። ብርሃኗ በግራ። ቁልጭ ብሎ በግራ። በግራ ትሄዳለች!

እዚያው መስታወቱ ፊት ቆሜ ሠራሁት። ከሚጣ ብሩሽ ላይ ፀጉር አውጥቼ በጥቁር ክር ሦስት ጊዜ ቋጠርኩት። ፀጉር የምናጥብበት ገንዳ ውስጥ ውኃ ለቀቅኩ። ጨረቃዋን እያየሁ አልኩ፦ "እንደምትጎድይ ትጉደል። ውበቷ ይጉደል፣ ደንበኛዋ ይጉደል፣ ስሟ ከእናቴ አፍ ይጉደል።" ቋጠሮውን ለቀቅኩት። ቧንቧው ዋጠው። አንገቴን ደፍቼ መጋረጃውን ዘጋሁ።

ሞኝነት ነው? ይሆናል። ግን እንዲህ ቀሎኝ ካደርኩ ስንት ጊዜዬ...

ጥቅምት 11

እማ ዛሬም "ሚጣ"። ይሁን። ሥራ ጊዜ ይፈልጋል።

ጥቅምት 16

ፋርማሲስቱ ሚጣን ለጋብቻ ጠየቃት። "አፍ ያለው ያግባሽ" ያሉት ይኼን ሰውዬ ሳያዩ ነው። የራስ ምታት ክኒን ሲሸጥ እንኳ ጆሮው ይቀላል። እንዴት ብሎ እንደጠየቃት እንጃ። እንደ መድኃኒት አወሳሰድ ጽፎ ሰጥቷት ይሆናል።

እሷም... ያየ አይዋሽም፣ አምሮባታል። ፊቷ ሞላ። ደንበኛው "ሚጣ ካልሠራችኝ" ማለት ጀምሯል። የሷ ወንበር ሰልፍ፣ የእኔ ወንበር ላይ ፎጣ ይደርቅበታል። የምን መጉደል ነው ይኼ? ሻማ ሊጠፋ ሲል ቦግ ይላል፤ እሱ ይሆናል።

እማ ብሶባታል። ድሮ እያረፈች ነበር የምትጠራት። አሁን ትንፋሿ ሆነ። ሚጣ፣ ሚጣ፣ ሚጣ። ጥርሴን ነክሼ አጠብኳት።

ቀን ደግሞ ሚጣ ዓይኗ ቀልቶ ከእማ ክፍል ወጣች። "እታለም፣ አንቺ ግቢላት። አንቺን ነው የምትፈልገው" አለችኝ። ሥራ ለመሸሽ! የሚቀየር ነገር ሲኖር ጊዜ እኔ እፈለጋለሁ። ስሟ ሲጠራ እሷ፣ አንሶላው ሲርስ እኔ።

ጥቅምት 19

ይኼን ለማንም አልነግርም። እዚህ ብቻ።

ማታ ሾርባውን ይዤ ገባሁ። ማንኪያውን ከአፏ ፊት አቆምኩት።

"ማን ነኝ?"

አፏን ከፈተች።

"ማን ነኝ፣ እማ?"

"ሚጣ።"

ማንኪያውን ወደ ሳህኑ መለስኩ። እንደገና አነሳሁ። "እታለም በይኝ። እ... ታ... ለም።" ከንፈሬን ታያለች። ትታገላለች፤ የአንገቷ ሥር ተገተረ። "ሚጣ።" መለስኩ። አነሳሁ። ርቧታል፤ ማንኪያውን በዓይኗ ትከተላለች። "ሚጣ።" መለስኩ። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ።

በመጨረሻ የምትሠራውን ግራ እጇን አንስታ ጉንጬን ነካችኝ። "ሚጣ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ እንደሚለምን ሰው።

ቀዝቃዛውን አበላኋት። ጨውም አልነበረው። ምንም ሳትል በላች። ምን ብላ ትናገር?

ወጥቼ እጄን ታጠብኩ። ምን አድርጌ ነው እጄን የምታጠበው? የተነካሁት ጉንጬ ላይ እኮ ነው።

ጥቅምት 24

ጎህ ሲቀድ ሳሎኑን ልጠርግ ገባሁ። አንገቴን ደፍቼ መጋረጃውን ገለጥኩና ወደ ቦታዬ ሄጄ መስታወቱን አየሁ። አለች! ግማሽ። ብርሃኗ በቀኝ። ያኔ በግራ ሄደች፣ አሁን በቀኝ መጣች። አበባ ሻጯ እንዳለችው ነው፤ ዝንፍ አላለም።

ይኼኛው በፍቅር ነው። ስለዚህ ተጠንቅቄ ሠራሁት። ከእማ ማበጠሪያ ሽበት አወጣሁ፣ በነጭ ክር ቋጠርኩ፣ ስኳር ውኃ ውስጥ ነከርኩ። "እንደምትሞይ ትሙላልኝ። ጉልበቷ ይሙላ፣ ምላሷ ይፈታ፣ እታለም ትበለኝ።" ሦስቴ። ቋጠሮውን ትራሷ ሥር አደረግኩት። ተኝታ ነበር። ግንባሯን ሳምኳት።

ከስንት ጊዜ በኋላ? አላስታውስም።

ጥቅምት 29

"ሚ..." ብላ ቀረች! ጠዋት ፊቷን ሳጥባት። "ሚ..." ከዚያ ምንም። ማታም "ሚ..."። የእህቴ ስም ለሁለት ተሰበረ። እየጎደለ ነው። ሥራው ያዘ!

ሾርባውን ሙሉ ሳህን አበላኋት። ግማሹ በከንፈሯ ጥግ ፈሰሰ። አፏ ትንሽ ተንጋዷል? ድካም ነው።

ኅዳር 4

ሚጣ የእማን መስታወት ለመነችኝ። ያን ትልቁን፣ እማ ሳሎኑን የከፈተችበትን። ስታገባ ባሏ ከፋርማሲው ጎን ያለውን ክፍል ሳሎን ሊያደርግላት ነው።

"ሌላ ምንም አልፈልግም፣ እታለም። እሱን ብቻ።"

"እኔ ሞቼ።"

"እሺ" አለች። ለማልቀስ ቅርብ ናት መቼም። "አንቺማ ሁሉም አለሽ" አለችኝ ደግሞ። ሁሉም! የእናት መታጠቢያ ሳፋ አለኝ፣ ወገብ ሕመም አለኝ። እውነትም ሀብታም።

ኅዳር 9

ጨረቃዋ ዛሬ ምሽት ደግሞ መጣች። ግማሽ፣ በግራ። ልክ እንደ ባለፈው ወር። በዚህ በኩል እንኳ ታማኝ ናት።

የዛሬው ከብሩሽ የተለቀመ አይደለም። ሚጣ ጫፉን አስተካክይልኝ ብላ ራሷ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ማጅራቷ እንደ ልጅ ማጅራት ነው። እማ ሥራ ላይ ስትሆን እኔ ነበርኩ የማዝላት... ተውኩት።

"እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ?" አለችኝ መስታወት ውስጥ።

"ጭንቅላትሽን ዝቅ አድርጊ።"

"ስለ እማ ነው። ከድሮ ጀምሮ ልነግርሽ እያልኩ..."

"ሚጣ፣ መቀስ ይዣለሁ። ጆሮሽን ይዘሽ መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?"

ሳቀችና ጭንቅላቷን ዝቅ አደረገች። ምን ልትለኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ወደ ቤቴ ልውሰዳት ልትል ነው። ስሟን ጠርታ ጠርታ፣ በመጨረሻ እናቴንም ይዛት ልትሄድ! ከማጅራቷ ሥር ወፈር ያለ ቁራጭ ቀነጠብኩ። ሳይታወቃት። ስትወጣ ቋጠርኩት፣ ሦስቴ ሳይሆን እስኪበቃኝ። "ትጉደል፣ ትጉደል፣ ትጉደል።" ቧንቧው ተዘጋ። በሽቦ ገፋሁት።

ኅዳር 16

ጥጉ ላይ አበባ የለም። ባልዲዎቹም የሉም። ወንድሟ ታሞ ክፍለ ሀገር ሄደች አሉ። ልጠይቃት የፈለግኩት ነበር... ሚጣ ለምንድነው የምትፋፋው? ዛሬ ሦስት አዲስ ደንበኛ፣ ሁሉም ለሷ። ቀለበቷ ካስኩ ሥር ሁሉ ያበራል። እማ ግን "ሚ" ማለትም እየተዋት ነው።

አሮጌው ቃል ወጥቶ አዲሱ እስኪገባ ባዶ ይሆናል። ቤት ሲቀየርም እንዲሁ ነው። ዕቃ ወጥቶ ዕቃ እስኪገባ። እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ኅዳር 23

ጎህ። በቀኝ። በዚህ ጊዜ አለቀስኩ ስሠራው። "ሙይልኝ" አልኳት ጨረቃዋን። "እናቴን ሙይልኝ።" ከእማ ራስ ላይ ሽበቷን ራሴ ነቀልኩ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። አፏ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ የለውም።

ነገ። ነገ ትለኛለች። ይሰማኛል።

ኅዳር 25

ወደቀች። ማለት... ተኝታ ሳለች ነው። ጠዋት ስገባ ፊቷ በአንድ ጎን ወርዷል። ዓይኗ አለ፣ እሷ የለችም።

ሐኪም ቤት ዋልን። ሁለተኛ ደም መፍሰስ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ የቸኮለ። "መዋጥ ትችላለች። ቃል ግን ከእንግዲህ አትጠብቁ።"

ሚጣ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ኅዳር 28

ቤት አመጣናት። ዝም።

"ሚጣ" ትለኝ የነበረው ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል? ያን ስም ስሰማ እንደምቃጠለው፣ ዛሬ እሱን ለመስማት ሳሎኑን እሰጥ ነበር።

ታኅሣሥ 3

"መስታወቱን ውሰጂው" አልኳት ሚጣን። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ለመከራከር አቅም አጣሁ። ሁለት ሰዎች መጥተው በብርድ ልብስ ጠቅልለው አወጡት። ግድግዳው ላይ ከሥሩ የነበረው ቀለም አዲስ ነው፣ እማ እንደቀባችው።

ደንበኞች ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ባዶ ግድግዳ ያያሉ። "እንዴት ሆንኩ?" ይሉኛል። "አምሮብሻል" እላለሁ። ምን አማራጭ አላቸው?

ታኅሣሥ 8



ጀንበር ስትጠልቅ ቢጉዲን እየለቀምኩ ነበር። በልማድ ቀና አልኩ፤ ግድግዳ። መስታወት የለም። ስለዚህ ዞርኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ ወደዚያ መስኮት ዞሬ ሰማዩን ያየሁት። ግማሽ ጨረቃ። ምሽት ላይ፣ እንደ ጥቅምቱ፣ እንደ ኅዳሩ።

ብርሃኗ በቀኝ።

በቀኝ!

ቆሜ ቀኝ እጄን አየሁ። እንደ ሕፃን። የምጽፍበት፣ መቀስ የምይዝበት። እንደገና አየኋት። በቀኝ ናት። የእጅ መስታወቱን ከመሳቢያ አወጣሁ፣ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጠሁ፣ በመስታወቱ አየኋት። በግራ። ዞርኩ። በቀኝ። በመስታወቱ... በግራ።

የጠበቃዋ ፎቶ። የጀማሪ ስህተት። በእህቴ ላይ የሳቅኩበት።

ምሽት ምሽት የሠራሁት ስትሞላ ነበር ማለት ነው። ለሚጣ። ሙይላት አልኩኝ በገዛ አፌ። ጠዋት ጠዋት የሠራሁት ስትጎድል ነበር። ለእማ። የጠላኋትን አፋፋሁ፣ የምወዳትን... በነጭ ክር፣ በስኳር ውኃ፣ ግንባሯን ስሜ...

መጋረጃውን አልዘጋሁም። አሁን ምን ትመልስብኛለች?

ታኅሣሥ 10

አበባ ሻጯ ተመለሰች። ሮጬ ሄድኩ፣ ሽርጤን እንኳ ሳላወልቅ።

"ምሽት ላይ ግማሽ ሆና የምትታየው የትኛዋ ናት?"

"የምትሞላዋ ናታ! ጎህ ላይ ያለችው የምትጎድለዋ። ይኼንን ሕፃን ያውቀዋል።"

"በመስታወት ያያት ሰውስ?"

ሳቋ መንገዱን ሞላው። "በመስታወት? እንዴ፣ ጨረቃን ፀጉር ቤት ውስጥ ማን ይፈልጋታል? ቀና ብሎ ማየት አቅቶት?" ከዚያ ፊቴን አየች፣ ሳቋ ቆመ። "ለማን ነበር የሠራሽው?"

"ለደንበኛ።"

"ምን ሆነች?"

"ምንም" አልኩ። "ፀጉሯ አልያዘላትም።"

ነጭ አበባ ሰጠችኝ፣ ለእናትሽ ብላ። እማ አጠገብ አስቀመጥኩት። አላየችውም።

ጨረቃ ሰው አትገድልም፤ ደም ግፊት ነው፣ ዕድሜ ነው። ይኼን መቶ ጊዜ ለራሴ ነገርኩት። ያን ቀዝቃዛ ሾርባ ግን ጨረቃ አይደለችም ያበላቻት። ማንኪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 15

ሚጣ ዛሬ አገባች።

በጠዋት እኔ ጋ መጣች። የራሷ ሳሎን እያላት፣ መስታወቱ እዚያ እያለ። "አንቺ ካልሠራሽኝ አልሄድም።" ባዶው ግድግዳ ፊት አስቀመጥኳት። መስታወት ከሌለ ከኋላ ቆሞ መሥራት አይቻልም፤ የፊቱን ለማየት ፊት ለፊት መቆም አለብኝ። ስንት ዓመታችን ነው እንዲህ ተቀራርበን ካልተያየን? ግንባሯ ላይ ጠባሳ አለ። ጥዬያት ነው፣ ልጅ ሆና። ረስቼው ነበር።

በቀኝ ከፈልኩላት። በራሷ ቀኝ።

"እታለም፣ ያን ቀን ልነግርሽ የነበረውን ልንገርሽ?" አለች። "ሳልነግርሽ ከዚህ ቤት መውጣት አልችልም።"

"ንገሪኝ።"

"እማ... ቀን ቀን እኔ ስገባ፣ አንድም ቀን ሚጣ ብላኝ አታውቅም። እጇን እይዛለሁ፣ እኔ ነኝ እማ፣ ሚጣ ነኝ እላታለሁ። እሷ በሩን ታያለች። 'እታለም።' ሌላ ቃል የለም። 'እታለም፣ እታለም...' አንቺ ሳሎን ፎን ይዘሽ፣ እሷ እንዲህ ስትጠራሽ ትውላለች። ሂጂ ግቢላት ስልሽ ነበር እኮ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩሽም። ቀንቼ ነው። እውነቴን ነው፣ ጠልቼሽ ነበር። ብነግርሽ ትኩራሪብኛለሽ ብዬ... አሁን ደግሞ አፏ ጠፋ። ሳትሰሚው ቀረሽ። ይቅር በይኝ።"

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቆመ።

የሌለችውን ነበር የምትጠራው። እኔ ስገባ ሚጣን፣ ሚጣ ስትገባ እኔን። ሁለታችን ስንገባ ማንንም፤ የሚጎድላት አልነበረማ። ሁለት ቃል ነበር የተረፋት፣ ለሁለት ልጅ። አንዱ የእኔ ነበር። ግቢውን ብሻገር፣ ፎኑን ለአንድ ደቂቃ ባጠፋው እሰማው ነበር። ሰማይ ላይ የፈለግኩት ከግድግዳ ማዶ ነበር። የሚጣን ስም ከአፏ እንድታጠፋልኝ ጨረቃዋን ስለምን የኔንም አብሬ...

ወንበሩን ያዝኩ።

"አንቺ ጋ ስትሆንስ?" አለችኝ ሚጣ። ዓይኗ ተሞልቷል፣ ኩሉ ሊፈስ ነው። "ጠዋትና ማታ። ማንን ትጠራ ነበር? አንድ ቀን እንኳ... እኔን ጠርታኝ ታውቃለች?"

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አጭር ቃል ነው። ጠዋትም ማታም፣ በሩን እያየች፣ ስትለምን፣ ጉንጬን እየነካች፣ አንቺን። ይኼን ብላት ዛሬ እንዴት ባለ ደስታ ትሄድ ነበር።

ፊት ለፊት አየኋት። መስታወት የለም።

"እኔኑ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፣ ቀድሞም እንደምታውቀው ሁሉ። አለቀሰች። ጠበቅኳት። ኩሏን ጠርጌ እንደገና ሠራሁላት።

"እንዴት ሆንኩ?"

"አምሮብሻል።" ይኼኛው እውነት ነው።

መኪናው ወሰዳት። ሳሎኑን ጠረግኩ፣ ፀጉሯን ከሌላው ፀጉር ጋር አብሬ ጣልኩት። ማታ ሾርባ ይዤ ገባሁ። ትኩስ ነው፣ ጨው አለው። ማንኪያውን ሳቀርብላት አፏን ትከፍታለች፣ ትውጣለች። እስክትጨርስ ዓይኗ አንድ ቦታ ነው። እኔን አታይም። በሩን ታያለች።